ወፍጮ ቤቱ የሥዕል ቤት ቢሆን ማን ይጎዳል?

ሰሞኑን የአንድ የወሎ ልጅ ጽሑፍ አነበብኩ። ጉዳዩ አሮጌ ፋብሪካዎችንና ወፍጮ ቤቶችን አድሶ የሥዕል ማሳያና ምግብ ቤት ስለማድረግ ነው። ጸሐፊው ሐሳቡን አይወዱትም። የሥዕል ማሳያና ምግብ ቤት የሆነውን የእንግሊዝ አገሩን አሮጌ ፋብሪካ፣ ሶልትስ ሚልን፣ በምሳሌነት ያነሱና አራት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ያ የመንግሥት ካዝና የሞላበት አገር ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ጦርነት የጎዳው ወሎ የሚያስፈልገው እንጀራ እንጂ ሥዕል አይደለም። ሦስተኛ፣ በደሴና በኮምቦልቻ የቀሩት የድንጋይ ቤቶች የጣሊያን ርዝራዥ ናቸው፤ በዚያም ላይ አርጅተው አደጋ ሆነዋልና ፈርሰው ፎቅ ቢሠራባቸው ይሻላል። አራተኛ፣ ቅርስ ውስጥ ምግብ ቤት መክፈት ቅርሱን ማራከስ ነው፤ መጠጥ ያስገባል፤ እስላምና ክርስቲያን ከአንድ ሥጋ በማይበላበት አገርም አይሆንም።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ ለወሎ ተቆርቁረው እንደጻፉ ግን ከየመስመሩ ይታያል። እኔም የምመልሰው ተቆርቁሬ ነው። ደሴ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ያደግሁት ግን ኮምቦልቻ ነው፤ አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው እዚያው አንድ የድንጋይ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ መደርደሪያችን ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንቀጫቀጩ ነበር። ማታ አባቴ ሲመጣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ነው፤ እናቴ በሩ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ሳታራግፍለት አይገባም። ወፍጮው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ሞተሩ ተሽጧል፣ ቺንጋው ተበጥሶ ወድቋል፣ ግድግዳው ግን እንዳለ ነው። ባለቤቱ ፈቃድ ስላልሰጡኝ ስማቸውንም ቦታውንም አልጠቅስም። ጽሑፉን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው ግን ያ ቤት ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ፤ እዚህ ላይ የፍሬ ነገር ስሕተት አለና። ሶልትስ ሚልን ገዝቶ የከፈተው መንግሥት አይደለም።

ቦታው የሱፍ ፋብሪካ ነበር። ያሠራው ታይተስ ሶልት የሚባል የብራድፎርድ ባለሀብት ነው፤ የከበረውም አልፓካ ከሚባል የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ጠጉር ጨርቅ እያሠራ ነው። በጭስ ከታፈነችው ብራድፎርድ ወጥቶ ኤር በሚባል ወንዝ ዳር አዲስ ፋብሪካ ተከለ፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 1853፣ ልክ 50 ዓመት በሞላው ዕለት አስመረቀው። በዙሪያው ከ800 በላይ የሠራተኛ ቤቶች፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠራ። መንደሩም ከእሱ ስምና ከወንዙ ስም ተገጣጥሞ ሶልቴይር ተባለ። የበግ ጠጉር ዝተትና ባና ለብሶ ያደገ የወሎ ደገኛ ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም፤ ሱፍ ስንት እጅ እንደሚፈልግ ያውቃል።

የሱፉ ሥራ ተዳክሞ ፋብሪካው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በዓመቱ ጆናታን ሲልቨር የሚባል፣ በልብስ ንግድ ገንዘብ የያዘ የዚያው የብራድፎርድ ሰው ገዛው። የዋናው ሕንፃ ርዝመት ብቻ 166 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰው ባንዴ አድሶ የሚጨርሰው ነገር አይደለም። ሲልቨርም አልሞከረውም። አንዱን አዳራሽ አጸዳና የዴቪድ ሆክኒን ሥዕሎች ሰቀለበት። ሆክኒ ብራድፎርድ የተወለደ ሠዓሊ ነው፤ ሲልቨር ተማሪ ሳለ ለትምህርት ቤቱ መጽሔት ሥዕል እንዲሰጠው ለምኖት ሰጥቶታል፤ ትውውቃቸው ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ መጻሕፍት መሸጫው፣ ምግብ ቤቱ፣ የሚከራዩት ክፍሎች አንድ በአንድ ተከተሉ። ሥዕሉን ለማየት አይከፈልም፤ ቤቱን የሚያቆመው የሚበላው፣ የሚገዛውና የሚከራየው ነው። ሲልቨር እ.ኤ.አ. በ1997 በ47 ዓመቱ ቢሞትም ቤተሰቡ ሥራውን ቀጠለበት። ዩኔስኮ ሶልቴይርን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ሲልቨር ቤቱን ከገዛ ከ14 ዓመት በኋላ። መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር።

እውነት ነው፣ በብዙ ገንዘብ የተሠራም አለ። ኬፕ ታውን ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ 57 ሜትር የሚረዝም የእህል ጎተራ ነበር። 42ቱን የኮንክሪት ቱቦዎች ከውስጥ በበቆሎ ፍሬ ቅርጽ ፈልፍለው እ.ኤ.አ. በ2017 የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አደረጉት። ያ የእኛ አቅም አይደለም፤ ጸሐፊው ያንን ቢጠቅሱ ኖሮ ዝም እል ነበር። የጠቀሱት ግን ሶልትስ ሚልን ነው፤ የሶልትስ ሚል ታሪክ ደግሞ በአንዲት አዳራሽ የተጀመረ የአንድ የአገር ልጅ ታሪክ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በእህል፣ በብረታ ብረት፣ በጨርቅ የከበሩ ስንት ሰዎች አሉ? ከእነሱ አንዱ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ላቆይና ወደ ምግብ ቤቱ ልለፍ፤ ጸሐፊው ከሁሉ በላይ የራቁኝ እዚህ ላይ ነው።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ትልቅ አዳራሽ አለ። ስሙ አይጠየፍ ነው። የተሠራው ለግብር ነው፤ ሰው ገብቶ ሊበላበት። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ማንንም የማይጠየፍ አዳራሽ። ከወሎ ቅርሶች ሁሉ ስሙን ስጠራ ደረቴን የሚነፋኝ እሱ ነው። እንግዲህ ወጥና እንጀራ ቅርስን የሚያራክስ ከሆነ፣ አይጠየፍ ገና ከመጀመሪያው ግብር ጀምሮ የረከሰ ቤት ነው ማለት ይሆናል። ይህን የሚል የደሴ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሶልቴይሩ ፋብሪካም የተመረቀው በግብር ነው፤ ማሽኑ ገና ባልገባበት የሱፍ ማበጠሪያ አዳራሽ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው ተቀምጦ በላ፤ አብዛኛው የሶልት ሠራተኛ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱ ከሥራዬ የተማርኩት ነው። የሥዕል ማሳያ በር ላይ ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ገበሬ ነው፣ ሹፌር ነው፣ ልጇን ያዘለች እናት ናት። አንገታቸውን ያስገቡና «ይከፈላል እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የለም ብትላቸውም ጫማቸውን አይተው ይመለሳሉ። ምግብ ቤት በር ላይ ግን ማንም አይሸማቀቅም። ሽሮ ሊበላ የገባ ሰው እጁን እስኪታጠብ፣ ምግቡ እስኪቀርብ ግድግዳውን ያያል። አንድ ሥዕል ይይዘዋል፤ «ይቺ ባቲ አይደለችም?» ይላል። ሰኞ የባቲ ገበያ የሚውል ሰው የግመሎቹን አሳሳል ከእኔ በላይ ይተቻል፤ ተችቶኛልም፣ ልክም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሥዕል የሚያመጣው ወጡ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሁኑ የምለው።

መጠጥን በተመለከተ፣ ሶልት መንደሩ ውስጥ መጠጥ ቤት እንዳይከፈት ከልክሎ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ መከልከልም አያስፈልግም፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ለአንድ ከሰዓት ይበቃል። የቡናው ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ ወሎዬ ያለ ጠጅ መጫወት አያቅተውም።

የሥጋው ነገር ግን ቁም ነገር ነው፤ ጸሐፊው ማንሳታቸውን አመሰግናለሁ። ከተሜው ንድፍ አውጪ የሚረሳው ይህን ነው። መልሱ ግን ሠርጋችን ላይ አለ። ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ከብቱን ለይቶ ያስቀምጣል፤ አራጁም ሙስሊም ነው፤ ድስቱም፣ ወጥ ሠሪዎቹም ለብቻ ናቸው። ሙስሊሙ ሲድርም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ ሁሉም ባንድ ግቢ ይጨፍራል። ወፍጮ ቤቱም ሁለት ማዕድ ቤት ይኑረው፤ ቦታ አለው። የፆም ምግቡ፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ቡናው ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው። እናቶቻችን ያለ መሐንዲስ የሠሩት ሥርዓት ነውና አይከብደንም።

እኔ ራሴ የምጨምረው ሥጋት አለ፤ ጸሐፊው አላነሱትም። ጭስና እንፋሎት ሥዕል ይገድላሉ። የቅባት ጭስ ሸራ ላይ ሲቀመጥ ቀለሙን ያጠቁራል፣ አቧራውንም ይይዛል፤ እንፋሎት ወረቀት ያሻግታል። ስለዚህ ማዕድ ቤቶቹ ከዋናው ቤት ውጭ፣ በጓሮው በኩል፣ የራሳቸው ጭስ ማውጫ ኖሯቸው መሠራት አለባቸው። የቀን ብርሃንም እንዳይበዛ ያስፈልጋል፤ በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት መጋረጃ ይሻል፣ በሰሜን በኩል ያለው ግን ለሠዓሊ ሀብት ነው። የአባቴ ወፍጮ ቤት የሰሜን መስኮቶቹ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ በበጋ ወራት ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ለስላሳ ብርሃን ያስገባሉ። ሥዕል ማስተማሪያ ክፍል ሥሩ ብባል ከዚያ የተሻለ መንደፍ አልችልም።

አሁን ወደ ጣሊያኑ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደብድበዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ሆስፒታልም ተመትቷል። ይህን የረሳ ሰው ስለ ጣሊያን ቤት ባያወራ ይሻለዋል፤ ጸሐፊው ቁጭታቸውን ስለ ገለጹ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ድንጋዩን የፈለጡትና የተሸከሙት እጆች የማን ነበሩ? በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጣሊያን ባሠራው የጣርማ በር ዋሻ ዛሬም እናልፍበታለን። ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ኮምቦልቻን ኮምቦልቻ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ነው። መንገዱን ማንም ቆፍሮ አላነሳውም። ቤቱን ግን ስናፈርሰው የምናጠፋው የወራሪውን ስም ሳይሆን ማስረጃውን ነው። የኅዳር 26ን ታሪክ ለልጆቼ የማስተምርበት ግድግዳ ቢሰጠኝ እመርጣለሁ፤ ወራሪው ባቆመው ቤት ውስጥ የወረራውን ታሪክ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳይነገረው ይገባዋል። በዚያ ላይ የአባቴ ወፍጮ ቤት ሞተሩን ያስነሱት፣ ሚዛኑን የያዙት፣ ቋቱ ሥር ቆመው ዱቄት የዘገኑት ሁሉ የኮምቦልቻ ሰዎች ናቸው። ከአምስቱ ዓመት ወረራ በኋላ ስንት ትውልድ የፈጨበትን ቤት የጣሊያን ብቻ ማለት እነዚያን ሁሉ ሰዎች መርሳት ነው።

አደጋ ነው ላሉት በከፊል እስማማለሁ። የእኛ አገር መሬት ይንቀጠቀጣል። በ1953 ዓ.ም ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዴት እንዳፈረሳት ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ያ ቦታ ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ማንም ሰው ሥዕል ከመስቀሉ በፊት መሐንዲስ ግድግዳውን ይይ፤ ማዕዘኖቹ በብረት ይታሰሩ፤ ጣሪያው ከግድግዳው ጋር ይያያዝ። ነገር ግን እነዚህን ቤቶች ከዕርጅና በላይ የሚጎዳቸው የእኛው ጥገና ነው። በኖራ የተገነባን የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስኑታል። ኖራ ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ ይተፋል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላል፣ ልስኑም እየተላጠ ይወድቃል፤ ከዚያ «ቤቱ አርጅቷል» ይባላል። ጣሪያው ቢያፈስ ሞራሌው ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ በኖራ፣ በቆርቆሮና በአንድ ደህና ግንበኛ የሚመለስ ነገር ነው፤ ጠርብ ድንጋይ የሚያውቁ አዛውንት ግንበኞች ደሴ ውስጥ አሁንም አሉ፣ እነሱ ሳያልፉ ወጣቶቹ ቢማሩባቸው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሕግም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቋሚ ቅርስን እንዲሁ በፈቀዱት መንገድ ማንሳት እንደማይቻል ይደነግጋል። አንድ ቤት ቅርስ ነው አይደለም የሚለው ቢያንስ ባለሙያ አይቶ ይወሰን፤ ዶዘር መጥቶ ከሄደ በኋላ የሚደረግ ጥናት የለም።

የቀረኝ ሁለተኛው ነው፤ እንጀራ ይቅደም የሚለው። ይህን ነጥብ ቀለል አድርጌ ልመልሰው አልችልም፤ ጸሐፊው ያዩትን ረሃብ እኔም አይቻለሁና።

በመጀመሪያ ግን ማነጻጸሩ ልክ አይደለም። ሥራ የሚፈጥር ፋብሪካ የሚተከልበት ቦታ ኮምቦልቻ አላጣችም፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2009 ዓ.ም ሐምሌ ላይ ተመርቋል። አንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ዘመናዊ ፋብሪካ አይገባም። ሶልትስ ሚልም ቢሆን ሥዕል ብቻ አልያዘም፤ ፔስ የሚባል የቴሌቪዥን ሪሲቨር የሚሠራ ኩባንያ ለዓመታት በዚያው ሕንፃ ብዙ ሰው ቀጥሮ ሠርቷል። ሥዕሉና እንጀራው አልተጣሉም። እኛም ጋ ምግብ ቤቱ ጤፍና ዶሮ ከገበያ ይገዛል፤ ድስቱና ጀበናው ከሸክላ ሠሪዎቻችን፣ ምንጣፉ ከዝተት ሠሪዎቹ፣ መጋረጃው ከሸማኔ ይመጣል። የሚቀጥረው ሰው ብዛት የከተማውን ሥራ አጥ አይጨርስም፤ እንደዚያ ብዬ ማንንም አላታልልም።

ዋናው ነገሬ ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ የሆኑትን አንባቢ ያውቃል። የደሴ ሙዚየምም ያኔ ተዘረፈ። ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቼን እንደ ወትሮው ዛፍና ማሰሮ እንዲስሉ አዘዝኳቸው። አንዲት ልጅ ማሰሮውን ትታ በር ሳለች። የተዘጋ በር፣ ከሥሩ በሚታየው ክፍተት ሁለት ጫማ። ሌላ ምንም የለበትም። ቀና ብላም አላየችኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎቹም ማሰሮውን ተዉት። ባዶ ሱቅ፣ በአህያ የተጫነ ፍራሽ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ በእግር የሚወጣ ሰው ሰልፍ። ከአርባ በላይ ሥዕል ሆነ። አንዳንዶቹ እናቶች ሥዕሉን አይተው ነው ልጃቸው ምን እንዳየ ያወቁት።

ማሳያ ቦታ ፈለግሁ። አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሹን ለአንድ ሳምንት ፈቀደልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንመጣ ሥዕሎቹ ወርደው ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል፤ ስብሰባ አለ ተባልን። ዝናብ ስለነበር ሰው በጭቃ ጫማ አልፎባቸዋል። የበሩ ሥዕል ጥግ ላይ ተረከዝ አርፎበታል። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ በእጇ ጠራረገችውና ጠቅልላ ያዘችው። እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ አልጋዬ ሥር።

ወሎ ለሥዕልና ለዜማ እንግዳ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የተጻፈ ነው፤ የአባታችን ሥዕል አለበት። ሸኾቻችን በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ መንዙማ ደርሰዋል። ባቲና አምባሰል ቅኝት ሆነው በአገር ሁሉ ይዜማሉ። እነዚያ ሁሉ በጥጋብ ዘመን ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ የወሎን የረሃብ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቃል። እኔ ለጸሐፊው የምለው፣ ያቺ ልጅ እንጀራም ያስፈልጋታል፣ ያቺን በር የምትሰቅልበት ግድግዳም ያስፈልጋታል። ሁለተኛውን ቀጥለን እንሰጥሻለን ብንላት በዚያ ጊዜ አድጋ አገር ጥላ ሄዳለች።

ባለፈው ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ነበር። ዘበኛው አባቴን ያውቁት ስለነበር ከፈቱልኝ። ወለሉ ላይ የሞተሩ መሠረት አለ፣ በዘይት የጠቆረ፤ ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ የኩንታል ሒሳብ ገና ይነበባል። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ በሚመቻቸው ቅዳሜ አብረን እንይ፤ ቡናውን እኔ አስፈላለሁ። ባለቤቱንም እንዲገኙ እለምናቸዋለሁ። የሥዕል ቤት ይሁን አይሁን የሚለውን ውለን አድረን እንከራከርበታለን። እስከዚያው ግን ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ላይ ነፋስ የገለበጣቸው ቆርቆሮዎች መመታት አለባቸው። ቆጥሬአቸዋለሁ፤ አሥራ አራት ናቸው።